ከጥቁር የመጣችው ነጭ

በአንድ ወቅት፣ ሸንኮራ አገዳ ዙሪያውን በከበበው ሰፈር ውስጥ፣ እማማ ሙላቷ የሚባሉ ጥንቸል አርቢ ነበሩ። አራስ ሲጠይቁም ሰርግ ሲጠሩም ጥንቸል ታቅፈው ነው የሚሄዱት። የሰፈሩ ጥንቸል ሁሉ ከሳቸው ግቢ የወጣ ነው። የግቢው ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይውላል። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ ግልገል ዓይኑን ሳይገልጥ ጎጆውን የከፈተ ሰው ቁልፉን በእጁ አይነካም።

እያደር ዓይናቸው ደከመ። ጥቁሩም ግራጫውም ጥንቸል ከመሬቱ ጋር ተቀላቀለባቸው። ጥርት ብላ የምትታያቸው አንዲት ነጭ ብቻ ነበረች፤ ጥጥ ይሏታል። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ስትዘል እያዩ ለብቻቸው ሲስቁ ይውላሉ። ጥጥ አርጅታ ስትሞት ሳቁም ቀረ።

ሶስት የልጅ ልጆች አሏቸው። ትልቁ ይርዳው ጋሪ ይነዳል። ባዩሽ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ትንሹ ማስረሻ አገዳ ቆራጭ ነው። አገዳው ተቃጥሎ ስለሚቆረጥ፣ ቤት ሲገባ ከጥርሱ በቀር ሁለመናው ጥላሸት ነው።

«ማነው የገባው?» ይላሉ እማማ።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ማስረሻ።»

«ሂድ ታጠብና ና! አንተም እንደ ጥንቸሎቹ ጠፋህብኝ።»

አንድ ቀን ሶስቱንም ጠሯቸው። «እኔ ደክሜያለሁ። ከጥጥ ዘር የሆነች ነጭ እዚህ ግቢ ውስጥ ላሳየኝ፣ ቁልፉን አስረክባለሁ። ከገበያ ገዝታችሁ እንዳታመጡብኝ፤ የጥጥን ዘር ነው የምላችሁ።»

የማስረሻ ልብ ዘለለች። ወገቡ ከአገዳው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ለሱ ያ ቁልፍ ማለት ቆንጨራውን ምስማር ላይ ሰቅሎ፣ ጥንቸል እየመገበ መዋል ነው። ግን ባዩሽም ከገበያው ፀሐይ መገላገል ትፈልጋለች፤ ይርዳውም ፈረሱ አርጅቶበታል። ችግሩ፣ የጥጥ ልጆች በሙሉ ጥቁር ናቸው። ሰፈሩ ደግሞ ነጭ ከነጭ ብቻ ነው የሚወለደው ብሎ ነው የሚያምነው።

ባዩሽ ሰውም ይሁን ጥንቸል ማን ከማን እንደተወለደ አይጠፋትም። ሰርግ ላይ ብዙ ሰው የሚሸሻትም ለዚህ ነው። ሽንኩርቷን እየላጠች ስታስብ ቆየችና ብድግ አለች።

«አስታወስኩ! እዚሁ ሰፈር ዘነቡ ቤት ሁለት ጥቁር ጥንቸሎች አንዴ ነጭ ወልደው አልነበር? ሰው የጎረቤት ነጭ ወንድ በአጥር ገብቶ ነው አለ። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ነጭ ወንድ የት ነበር? እናትየውም አባትየውም የጥጥ ልጆች ነበሩ!»

«እና?» አለ ይርዳው።

«እናማ ነጩ አልጠፋም፣ ጥቁሮቹ ውስጥ ተደብቋል። ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው ብቅ የሚለው።»

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መቶሻል።»

ከጥጥ ሴት ልጆች የቀረችው ከሰሏ የሚሏት ጥቁር ናት፤ እዛው ግቢ ውስጥ አለች። ወንዱ ልጇ ግን ድሮ ለሰርግ ተሰጥቶ ከወንዝ ማዶ ጋሽ ጎንፋ ቤት ነው ያለው።

ይርዳው በነገሩ ባያምንም ጋሪውን ጠምዶ ሄደ። ወንዙ ሞልቶ ጎማውን ቢውጠውም ተሻገረ። ጋሽ ጎንፋ ጥንቸሉን አቅፈው አልለቅም አሉ። ኋላ ግን ዓይናቸው ፈረሱ ላይ አረፈ።

«ያ ቀይ ዘርፍና ቃጭል ግን ደስ ይላል።»

የይርዳው ኩራት ያ ጌጥ ነው፤ ልጆች ቃጭሉን ከሩቅ ሰምተው ነው የሚሮጡለት። ፈትቶ ሰጣቸው። ጥንቸሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲመለስ መንገድ ላይ ያላሾፈበት የለም። «ይርዳው፣ ፈረስህ መነኮሰ እንዴ?»

በወሩ ከሰሏ ወለደች። ጠብቀው ጠብቀው ግልገሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ሲወጡ፣ ሁሉም ጥቁር! ባዩሽ ፊቷን ሸፈነች። «ይቅር፣ ተሳስቻለሁ። ወንዱን መልሱላቸው።» ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ይርዳው ግን ጮኸ፤ «የፈረሴን ጌጥ አውልቄ በአንዴማ አልተውም!» እንደገና አገናኛቸው።

ከሰሏ ሁለተኛ እንደወለደች ሰማዩ ተቀደደ። ቆረጣው ስለተቋረጠ ማስረሻ በቀን ቤት ገባ። እማማ ለቅሶ ሄደዋል። ውሃው ወደ ጥንቸሎቹ ጎጆ ከስር እየገባ ነው። ማስረሻ በሩ ላይ ቆመ። ከከፈተ ቁልፉን እንደሚያጣ፣ አገዳውም እስከ እርጅናው እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ከፈተ።

ጠቆር ጠቆር ያሉትን ግልገሎች ደረቅ ቦታ አስቀመጠ። አንዷ ግን ውሃው ዳር ወድቃ ቀዝቅዛለች፤ ፀጉር የላት፣ መላ አካሏ ሮዝ። ጎረቤቱ አየና «ይቺማ ታማለች፤ ጣላት» አለው። ማስረሻ ሸሚዙ ውስጥ ከተታት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደረቱ ውስጥ ይዟት አገዳ ሲቆርጥ ሰነበተ፤ በምሳ ሰዓት እየሮጠ እናቷ ጋ ወስዶ ያጠባታል።

«ማስረሻ፣ ጡት አወጣህ እንዴ?» ይሉታል ጓደኞቹ።

«ለናንተም ይተርፋል፣ ተሰለፉ!»

ለእማማ የነገራቸው ግን ጎጆውን የከፈተ ቀን ማታውኑ ነበር። «እማማ፣ ጎጆውን ከፍቻለሁ።» ቁልፉን ዳበሱ። «ሕጉን ታውቃለህ» አሉት፣ «ግልገሏን ግን አሳድጋት።»

ፀጉሯ ሲወጣ፣ ነጭ! ማስረሻ ግቢው መሃል ለቀቃት። እማማ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«ጥጥ! ኧረ ጥጥ መጣች! ጆሮዋን አየሁት!»

ተነስተው እልል አሉ። ሰፈሩ ምን ሆኑ ብሎ ግር ብሎ ገባ፤ ሰው ከሰው ተቃቀፈ። እማማ እየሳቁ ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወጡ ሶስት እጅ ተዘረጋ።

«እኔ ባላስታውስ ማን ያገናኛቸው ነበር?» አለች ባዩሽ።

«አንቺማ ትተሽው ነበር! ወንዱን ያመጣሁት፣ እንደገናም ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ» አለ ይርዳው።

«ሳታምን ነው ያመጣኸው! ጌጥህ ቆጭቶህ ነው የደገምከው!»

«እኔ ባልከፍት ሁለታችሁም የምታሳዩት አልነበረም» አለ ማስረሻ።

«ሕጉን ጥሰህ! ደግሞ አንተ ነጭ መሆኗን መቼ አወቅክና?» አለው ይርዳው።

«አላወቅኩም» አለ። «ጥቁርም ብትሆን እከፍት ነበር።»

እማማ ቁልፉን ጨብጠው ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ከነጯ ላይ አልነቀል አለ። «እኔ ዛሬ የማየው አለኝ። ፍርዱን ለናንተ ትቻለሁ» አሉ ለጎረቤቶቹ። ሰዉ ሶስት ቦታ ተከፍሎ ሲከራከር እራቱን ረሳ።

ቁልፉ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው። እስቲ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ የተደበቀውን ላወቀችው፣ ጌጡን ሰጥቶ ላመጣውና ላልተወው፣ ወይስ ቁልፉን እንደሚያጣ እያወቀ ለከፈተው፤ ለማን ይሰጥ?