የውርንጭላዋ የሣር ካባ

አንድ ጊዜ፣ ውርጭ ሣሩን ሁሉ ነጭ በሚያደርግበት ደጋ፣ አንዲት አህያ በታኅሣሥ ወለደች። ወሩ ክፉ ነው። በዚያ ወር ከሚወለደው ብዙው ጥርን አያይም። ውርንጭላዋ ፀጉሯ ስስ ነበር፤ ቆማም ተኝታም ትንቀጠቀጣለች። እናቷ ጀርባዋ በጭነት የተላጠ ስለ ነበር የምታካፍላት ሙቀት አልነበራትም።

ቀበሮ ይህን አይታ መጣች። ከኋላዋ አያ ጅቦ አለ፤ ከሰው አጥር ላይ የሰረቀውን የበሬ ቆዳ ደርቦ ደረቱን ነፍቷል።

«እመት አህዪት፣ ልጅሽ እንዴት አደረች?»

«እንደምታያት።»

«መላ አለኝ። የበጊቱ በረት ድንጋዩ የላላው በየት በኩል ነው? ጎረቤቷ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ሥጋዋ ለአያ ጅቦ፣ ቆዳዋ ለልጅሽ።»

«ለአንቺስ?»

«እኔ ምን እፈልጋለሁ! ጉበቷን ብቻ።»

«ልብስ ማለት ቆዳ ነው» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «እኔን እዪኝ፣ ሞቆኛል።»

አህያዋ ልጇን አየች። ከዚያ በረቱን አየች። ልጅ ሲበርደው እንዲህ ያለው ነገር ያን ያህል ክፉ አይመስልም።

«ቆዳዋን እሷ ለብሳዋለች» አለች በመጨረሻ። «ሂዱ።»

«እንግዲያው ነገ ለለቅሶ እንመጣለን» አለ ጅብ። ሆዱ ከአሁኑ ጮኸ።

አህያዋ ወደ ጭላዳ ሄደች። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነቅል የሚውል ዝንጀሮ ነው፤ ጣቶቹ አያርፉም።

«አባ ጭላዳ፣ ከጓሳው ሣር ጌሳ ጎንጉንልኝ። ሰዎች በክረምት ዝናብ የሚደርቡትን ዓይነት።»

«ጌሳ ዝናብ ይመልሳል እንጂ አያሞቅም። ውስጡ ምን ይግባ?»

«ጥጥ። ጥጥ ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። የመንገዱ ዳር እሾህ ከየጭነታችን እየቀማ አስቀርቶታል፤ እለቅመዋለሁ።»

ለቀመች። ከንፈሯ ደማ። ጭላዳም ጎነጎነ። ግን ጥጡ ነጭና የሚያምር ስለ ሆነ ከላይ በኩል አደረጉት። ፀሐይ ስትጠልቅ ጤዛ ወረደ፣ ጥጡ ራሰ፣ ውርንጭላዋም ይባስ ቀዘቀዘች።

«ለማን ዓይን ነው ያሳመራችሁት?» አለች በጊቱ ከበረቷ አንገቷን አውጥታ። «የእኔ ፀጉር ከላይ ሻካራ ነው፣ ከሥር ለስላሳ። ገልብጡት እንጂ!»

የራሰውን አንስተው የተረፈውን ደረቅ ጥጥ ከውስጥ አደረጉት፤ ጓሳው ከላይ ሆነ። ጤዛው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ወደቀ። ውርንጭላዋ ትንሽ ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች። እንቅልፍም ወሰዳት።

ሲነጋ ለቀስተኞቹ መጡ። ጅብ ራቁቱን ነበር፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ቆዳህስ፣ አያ ጅቦ?» አለች አህያዋ።

«ሸተተኝ።»

«እና?»

«ጫፉን ብቻ ነው የቀመስኩት።»

«ጫፉን!» ብላ ቀበሮ ጮኸች። «ከሥሩ ተጠልዬ ሳለሁ ጨረሰው! ጅራቴንም ሊጨምር ነበር!»

ይህን ሲባባሉ ውርንጭላዋ ከነጌሳዋ ወደ ፀሐይ ወጣች፤ ዘለለችም። አህያዋ የኋላ እግሮቿን ወደ ጅብ አዞረች። ጅብ ራቅ ብሎ አሸተተ።

«ሣር ሣር ትላለች» አለ ፊቱን አጨፍግጎ።

ጭላዳ ከገደሉ ላይ አንድ እቅፍ ጓሳ ወረወረለት። «ለአንተ የሚሆንህ ይሄ ነው። ቢርብህም አትበላውም።»

ቀበሮ በጅብ ሳቀች። ሣሩን ቀድማ ያነሳችው ግን እሷ ናት።

ያች ውርንጭላ ጥርን አየች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብርድ ሲጠናብን የጎረቤትን ገላ ከመግፈፍ ይልቅ በእጃችን አቅራቢያ ያለውን ሣርና ጥጥ ብንፈልግ፣ ለእኛም ለጎረቤታችንም አብሮ ሊነጋልን እንደሚችል ነው።