ወፏ ያላየችው

አንዲት እናኑ የምትባል የችሎት ጸሐፊ ነበረች። የሰውን ቃል ስትጽፍ ትውላለች፤ የራሷን ቃል ግን ሃያ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናኑ ልጃገረድ ሳለች፣ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን የአንድ ገበሬ የጤፍ ክምር ረፋዱ ላይ ተቃጠለ። ያየ አልተገኘም። በአገሩ ልማድ አውጫጭኝ ተጠራ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ መንደሩ በሙሉ ባንድ ግቢ ታጎረ። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይነሳ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል፤ እሱን «ወፍ» ይሉታል። ወፍን ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ተጨዋወተ። በሁለተኛው በጎሪጥ ተያየ። በሦስተኛው ጎረቤት ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አንቺ፣ ከሽማግሌው አጠገብ ምን ያንጎራድድሻል? ላባ እያበቀልሽ ነው እንዴ?» አለች አንዷ።

«የሚፈራ ነው ላባ የሚቆጥር!» አለች ሌላዋ።

ማታውን ወፏ ተናገረች፤ «የኔታ ላቀው ናቸው» ተባለ። የኔታ ከመንደሩ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ የፊደል መምህር ነበሩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ለጥርጣሬ ቅርብ ነው።

«ያን ቀን የት ነበሩ?» አላቸው ሽማግሌው።

«ቤቴ።»

«ምስክር አለዎት?»

የኔታ ዐይናቸውን በሕዝቡ ላይ አዞሩ። እናኑ ላይ ሲደርሱ ቶሎ አለፏት።

«የለኝም» አሉ።

እናኑ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ከማለዳ እስከ ተሲያት ከእሳቸው ቤት ነበረች። አባቷ «ሴት ተምራ ምን ልትሆን» ብሎ ስለከለከላት፣ በየገበያው ቀን ተደብቃ ፊደል ትቆጥር ነበር። ግን የታጨች ልጅ ከላጤ ቤት ዋለች ቢባል ፊደሉን ማን ያምናል? የኔታ በሬያቸውን ለካሳ ሰጡ፤ ስማቸውም «ክምር አቃጣዩ» ሆኖ ቀረ።

እናኑ አገባች፣ ወለደች፣ በዚያው ፊደል እንጀራ በላች። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ባላት ቁጥር ግን «ወፏ ይህ ይሆን?» እያለች ትጠረጥር ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ክምር ተቃጠለ። አውጫጭኝ ቀርቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የተከሰሱት ግን እኚያው የኔታ ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ቢታሰሩ በሕይወት አይወጡም።

«ሲያቃጥሉ ያየ ባይኖርም ጌታዬ፣ ያኔም ተፈርዶባቸዋል» አለ ከሳሹ። «የለመደ እጅ አያርፍም።»

ዳኛው ጥቂት አሰቡና ወደ እናኑ ዞሩ። «የቀድሞ ጥፋታቸው ተረጋግጧል ብለሽ ጻፊ።»

እናኑ ብዕሯን አስቀመጠች። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ይህን መጻፍ አልችልም።»

«ለምን?»

«ያን ቀን... ከየኔታ ቤት ነበርሁ። ፊደል ያስቆጥሩኝ ነበር።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ፈነዳ። «ወይ ሀሁ! በር ዘግቶም ይቆጠራል ለካ!» አለ አንዱ።

«ተዪው ልጄ፤ ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ» አሉ የኔታ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«የሌላ ሰው ምስክርነት ስጽፍ ጌታዬ፤ እሳቸው ባስተማሩኝ ፊደል።»

ሳቁ ቆመ። ዳኛው የድሮውን ፍርድ ከማስረጃ አወጡት፤ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ የኔታ በነፃ ተሰናበቱ። በሬያቸው ግን አልተመለሰም፤ ሃያው ዓመትም እንዲሁ።

ወፏ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናኑም መፈለጓን ተወች። ወፏ ያላየችውን ተናገረች፤ እናኑ ያየችውን ዋጠች፤ የኔታ የተፈረደባቸው በሁለቱ ነው።

ንጹሕ ሰው የሚጠቃው ሐሰተኛ ስለተናገረ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ስላፈረም ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንገትህን ደፍተህ ያሳለፍኸው ቀን የለም? ያን ቀን የተበደለው ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ምን ትጠብቃለህ?