የእማማ አስካለ ማጫወቻ

ሴትዮዋ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቀኑ ቅዳም ሥዑር ነው፣ የፋሲካ ዋዜማ። እኔ ቄጠማዬን ይዤ በየቤቱ እዞራለሁ። በዚህ ቀን ካህን ቄጠማ ይዞ ሲገባ ቤተሰቡ ብድግ እንደሚል፣ ትልቁም ትንሹም ተቀብሎ ራሱ ላይ እንደሚያስር ታውቃላችሁ። እኚህ እናት ግን አልተነሡም፣ እጃቸውንም አልዘረጉም። "ለኔ አይገባኝም አባቴ፣ ለልጆቹ ይስጡልኝ" አሉኝ።

ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ይህን ሁሉ ዘመን ቄጠማ ሲቀበሉ ኖረው ዘንድሮ አይገባኝም ሲሉ ደነገጥኩ። ሰው ገደሉ? ሰረቁ? የሰው ትዳር በተኑ? ምን ቢያደርጉ ነው?

ልንገራችሁ። ንገር ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፣ ልጆቻቸውም እሺ ብለዋል። ግን አስቀድሜ እወቁልኝ፣ ዛሬ የምናገረው ተቆጥቼ ነው። ለስለስ ያለ ስብከት ፈልጎ የመጣ ካለ ሌላ እሑድ ይምጣ።

እማማ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶባቸዋል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ከውባለም ጋር ነው። ያን ደረጃ ወርደው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ቀረባቸው። የቀረላቸው መዝሙር ብቻ ነው። ውባለም ሥራ ትሄዳለች፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳቸው እስክትመለስ መዝሙር ይሰማሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው እሱ ሆነ።

ድሮ ቴፕ ነበራቸው። አልፎ አልፎ ካሴት የሚበላ፣ ቁልፉ የጠጠረ አሮጌ ቴፕ። ግን ጣታቸው ያውቀዋል። ከግራ የመጀመሪያው ያጫውታል፣ የመጨረሻው ያጠፋል። ካሴቶቹን ደግሞ በክር አስረዋቸው ነበር። ክሩ አንድ ቋጠሮ ካለው የጾም ነው፣ በገና ብቻ። ሁለት ቋጠሮ ካለው የበዓል ነው፣ ከበሮና ጸናጽል ያለበት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ ያውቃሉ፤ ዓይናቸው ቢጠፋ ሥርዓቱ እንዳይጠፋባቸው በክር ያዙት። እስቲ ከመካከላችን ለጾሙ ይህን ያህል የሚጨነቅ ማን ነው?

ልጆቻቸው ግን አፈሩ። በቴፑ ነው ያፈሩት። ታላቁ ልጅ ልዑልሰገድ ጥሩ ሥራ ያለው፣ መኪና የሚነዳ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር እጁ የተፈታ ሰው ነው። "ሰው ቢያይ ምን ይላል? እናታችን በዚህ ዘመን ካሴት ታዳምጣለች?" አለ። ሰው ቢያይ ነው ያለው። እናቴ ብትሰማ አላለም። ልብ በሉልኝ።

ጾሙ ሊገባ ሲል ትልቅ ማጫወቻ ገዝቶ መጣ። ፊቱ መስታወት ነው፣ እየነካኩ ነው የሚያዙት። አንድ የሚዳበስ ቁልፍ የለውም። መብራቱ ደግሞ ሰባት ዓይነት ቀለም እየተለዋወጠ ያበራል። ለማን ነው የሚያበራው? ለዓይነ ስውር እናት ነው። ቡፌው ላይ አስቀመጡት፣ ዳንቴል አለበሱት። ልዑልሰገድ በጥር የልጁን ሠርግ ደግሶ ነበርና ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ሳይለይ ገለበጠበት። የበገና መዝሙሩን፣ የፋሲካውን፣ ዜናውን፣ የሠርግ ዘፈኑን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ።

ቴፑስ የት ሄደ? ካሴቶቹስ? ውባለም ቤት ስታጸዳ ለቆራሌው ሰጠቻቸው። እናቷን አልጠየቀችም።

እኔስ ብትሉኝ፣ እኔም አለሁበት። በጾሙ መጀመሪያ ጠበል ልረጭ ሄጄ ያን ዕቃ አየሁት። "እሰይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ" ብዬ ልዑልሰገድን መረቅሁት። እማማ አስካለ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ደስታ ቆጠርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ "እናቴ፣ ራስዎ ይከፍቱታል ወይ?" ብዬ አልጠየቅሁም። የንስሐ አባት ነኝ እላለሁ እንግዲህ። ዛሬ ስቆጣ ከራሴ ጀምሬ ነው።

ጾሙን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ውባለም በገናውን ትከፍትና "እንዳትነኪው እማዬ፣ ይበላሻል" ብላ ትወጣለች። መዝሙሩ አለቀ እንበል፣ ረፋድ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም ይላል፣ እስክትመለስ። እናት በገዛ ቤታቸው፣ በስማቸው በተገዛ ዕቃ አጠገብ፣ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ሃምሳ ቀን ገደማ እንዲህ ተቀምጠው ለማንም አልተናገሩም። ልጄ ይቀየመኛል ብለው ነው።

ስቅለት ደረሰ። ውባለም ወደዚህ መጣች፣ ልዑልሰገድም መጣ፣ እማማ አስካለ ከበገናው ጋር ቀሩ። ረፋድ ላይ በገናው ሳያልቅ መብራት ሄደ፣ ሄዶም መጣ። ማጫወቻው ግን በዚያው ዝም አለ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት። እኛ እዚህ እንሰግዳለን። እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። "በገናዋን ብሰማ ተቀምጬም ቢሆን አንገቴን እየደፋሁ ከሰው ጋር እሰግዳለሁ" ብለው አሰቡ። ግድግዳ ይዘው ተነሡ፣ ቡፌው ጋ ደረሱ፣ መስታወቱን ዳበሱት። መስታወት ላይ ምን ይዳበሳል? እዚህም ልሙጥ ነው፣ እዚያም ልሙጥ ነው።

አንዱ ቦታ ሲነኩት የሠርግ ዘፈን ለቀቀ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ቤቱን ሞላው። ሊያጠፉት ነኩት፣ ባሰበት። ሌላ ቦታ ነኩት፣ ይብሱን ጮኸ። ገመዱን ልንቀል አሉ፣ ገመዱ ቡፌው ጀርባ ነው፣ እጃቸው አይደርስም። ጋቢያቸውን አውልቀው ጣሉበት፣ በላዩ ትራስ ጫኑበት። ከትራሱ ሥር ሠርጉ ቀጠለ። ግማሽ ሰዓት፣ ምእመናን። በስቅለት ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ሕንፃው ሁሉ እየሰማ።

በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት አንኳኩታ ገባችና ገመዱን ነቀለችላቸው። ስትወጣ፣ "እማማ፣ ዛሬ ስቅለት መሆኑን ረሱት እንዴ?" አለቻቸው። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረችም። እሳቸውን ግን ያቺው በቃቻቸው።

ልጆቹ ሲሰሙ ምን አሉ? ውባለም ሳቀች። "በጣም ቀላል እኮ ነው እማዬ፣ በጣትሽ ወደ ግራ መግፋት ብቻ ነው" አለች። ግራው በየት በኩል እንደሆነ በማን ዓይን ይታይ? ልዑልሰገድ ደግሞ በስልክ፣ "አታነካኪው ብለንሽ አልነበረም?" አለ። አታነካኪው። ይህን ቃል እኛ ለማን ነው የምንለው? ድስት ሊነካ ለሚድህ ሕፃን ነው። እሱ ግን ላጠባችው እናቱ ተናገረው።

እንግዲህ በማግሥቱ ነው እኔ ቄጠማ ይዤ የገባሁት። "አባቴ ይፍቱኝ" አሉኝ ጀርባቸውን እንደሰጡ። "ጌታዬ በተሰቀለበት ሰዓት ቤቴን ጭፈራ ቤት አደረግሁት። አክፍዬ ከኀሙስ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ነገም ከሰው ጋር ጾሜን አልፈታም፣ ሰባት ቀን እጨምራለሁ።"

"እናቴ፣ ከፋሲካ በኋላ እኮ ጾም የለም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ታዲያ በምን ልካስ? እንዳልሰግድ ጉልበት የለኝ።"

"ሳያውቁ የሆነ ነገር ኃጢአት አይሆንብዎትም።"

"ዓይኔ ቢጠፋ ቀኑም ጠፋኝ እንዴ አባቴ? ቀኑን አውቄዋለሁ። ዝም ብዬ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት?"

እኚህ ሴት የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ሁለት ቀን ውኃም አልቀመሱም። ሰባት ቀን ከጨመሩ ቀጥሎ ወደዚያ ቤት የምሄደው ለፍትሐት እንደሆነ ገባኝ። ደሜ ፈላ። በሳቸው አይደለም።

ልዑልሰገድ በረንዳ ላይ ለበዓል ያመጣውን በግ እያሰረ ነበር። ጠራሁት። "ነጠላህን አምጣ" አልኩት። በነጠላው ዓይኑን ጠፍሬ አሰርኩለትና ቡፌው ፊት አቆምኩት። ገመዱን ሰካሁ፣ እኔው ይዤ ቆምኩ።

"በል፣ ለእናትህ በገና ክፈትላት።"

"አባ፣ ምን ሊሆን..."

"ክፈት አልኩህ።"

ዳበሰ። አንድ ሰውዬ ዜና ማንበብ ጀመረ። ሌላ ቦታ ነካ፣ ዝም አለ። አሁንም ነካ፣ ያው የሠርግ ዘፈን መልቀቅ ሲጀምር ገመዱን ነቀልኩት። "ዕቃውን የመረጥከው አንተ ነህ፣ ዘፈኑን የጫንክበት አንተ ነህ፣ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዘህ ወር ከምናምን ስትነካካው ከርመሃል" አልኩት። "አንተ ያልቻልከውን ነው እናትህ ባለመቻሏ ነገም እህል አልቀምስም ያለችው።"

ነጠላውን ሳይፈታ ወደ እናቱ ሄደ። ጠረጴዛ ገጨ፣ ወንበር ገጨ፣ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። "እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው" እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። ውባለምም ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

እማማ አስካለ እጃቸውን ሰደው ዓይኑ ላይ ያለውን ነጠላ ፈቱለት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "በሉ እሱን ይፍቱልኝ" አሉኝ።

"ነገ እህል ካልቀመሱ ለሱም ይቅርታ የለም" አልኳቸው። ሥርዓቱ እንዲያ ይላል? አይልም። ተቆጥቼ ነው ያልኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን ለራሳቸው ብለው የማይቀምሱትን ለልጃቸው ብለው እንደሚቀምሱ አውቄ ነበር። ትንሽ አሰቡና "ቄጠማውን ያምጡት እንግዲህ" አሉ።

ከበዓሉ በኋላ ልጆቹ ቆራሌውን ፈለጉት፣ አላገኙትም። ስለዚህ አዲስ ማጫወቻ ፍለጋ ወጡ፣ አሁን ግን እናታቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ልዑልሰገድ ከሦስተኛ ፎቅ በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው። ባለ ሱቁ አምስት ዓይነት ደረደረላቸው፣ እሳቸው እየዳበሱ አራቱን መለሱ። የመረጡት ሦስት ቁልፍ ብቻ ያላት፣ ሚሞሪ የሚገባባት፣ መልክ የሌላት ትንሽ ዕቃ ናት። ውባለም በመክፈቻዋ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ በማስቲሽ ለጠፈችላቸው። ሚሞሪው ሁለት ነው፣ የጾሙ ለብቻ፣ የበዓሉ ለብቻ፤ ማኖሪያቸው እንደ ካሴቶቹ በክር ቋጠሮ ይለያል። ቡፌ ላይ አትቀመጥም፣ እንግዳም አያደንቃትም። እማማ አስካለ ግን ደስ ባላቸው ሰዓት ይከፍቷታል፣ በቃኝ ሲሉ ያጠፏታል።

እናንተስ? እናንት ልጆች፣ ለእናት ለአባታችሁ ገዛን የምትሉት ዕቃ፣ ለማን ነው የገዛችሁት? ለእነሱ ነው ወይስ ሊጠይቃቸው ለሚመጣ ሰው? ለአባትህ የሰጠኸው ስልክ ላይ አባትህ አንተ ጋ መደወል ይችላል? ወይስ የጎረቤት ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃል? ለእናትሽ የገዛሽላት ምድጃ ላይ እናትሽ ሻይ ታፈላለች? ወይስ ፈርታው ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥታ ትውላለች? ሰጠሁ ብላችሁ ፎቶ ተነሥታችኋል። ጠይቃችሁ ነበር ወይ?

እኔን የሚያናድደኝ ዕቃው አይደለም። ዕቃ ዕቃ ነው። የሚያናድደኝ፣ እኛ ሳናስብ የሰጠነው ሲያስቸግራቸው ወቀሳውን እነሱ መውሰዳቸው ነው። "አርጅቻለሁ፣ አይገባኝም፣ ጣቴ ደንቁሯል" ይላሉ። እኛም እሺ ብለን እንስቃለን። ስንት እናት ነው በየቤታችን በልጇ ጥፋት ይቅር በለኝ እያለች የምትጸልየው? እኔ አንዷን ያወቅሁት ቄጠማ ይዤ ስለገባሁ ነው።

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ከምሳ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዓይናችሁን ጨፍኑና እናታችሁ የምትነካውን ዕቃ ንኩት። ከዚያ ከአጠገቧ ቁጭ ብላችሁ፣ "የቱ ነው የሚያስቸግርሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። "ምንም ልጄ፣ ሁሉም ደህና ነው" ትላችኋለች።

አትመኗት።