ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተነገረች አንዲት ቃል

ስሟን መጥራት በማያስፈልገን አንዲት ጥንታዊት ከተማ፣ ጉድጓድ በማስቆፈር የታወቁ ሐጂ ጠልሃ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ራሳቸው ቆፋሪ ነበሩ፤ ሲያረጁ ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ሠራተኞችን ይመሩ ጀመር። ሶላት ከጀመዓ የማያመልጣቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ በሥራቸው ላይ ሰው ተጎድቶባቸው የማያውቅ ሰው ነበሩ። የከተማው ሕዝብም «ሐጂ ጠልሃ የቆሙበት ጉድጓድ ሰው አይበላም» ይል ነበር።

በአንድ ዓመት ፈትሁዲን የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ለመስጊዱ ጉድጓድ ሊያስቆፍር በልቡ ነየተ። ለውዱእም ለመጠጥም የሚሆነው ውሃ ከሩቅ ወንዝ ነበር የሚመጣው። የፈትሁዲን ኒያ ያማረ ነው፤ ችኮላው ግን በዛ። ረመዳን ሳይገባ ውሃ ለማየት ስለጓጓ በየሰዓቱ ከሱቁ እየተነሳ ይመጣና «የት ደረሳችሁ? አለት ገጠማችሁ እንዴ? ምን ያህል ቀረ?» ይላል። ሐጂም እንዳይከፋው ብለው ከሥራው ዞር እያሉ ይመልሱለታል። መንገደኛው ቆሞ ይመክራል፤ ድንጋይ ጫኞቹ ይጯጯሃሉ። ሁሉም ይናገር ነበር፤ ማን ለማን እንደሚናገር ግን የሚያውቅ አልነበረም።

የቆፋሪው ስም ኑርዬ፣ የገመድ ሳቢው ሱሩር ነበር። ሱሩር ገመዱን የሚስበው ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ስለሆነ ቅርጫቱን አያየውም። ድንጋይ የሞላው ቅርጫት ወጥቶ መሬት ሲያርፍ ሐጂ «ልቀቀው!» ይሉታል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ይለቃል።

አንድ ቀን የቀትሩ ሶላት ዙህር ሲቃረብ ኑርዬ ከታች ነው፤ ድንጋይ የሞላው ቅርጫት ገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሐጂ እንደተለመደው ለፈትሁዲን መልስ ይሰጣሉ። በዚህ መሃል ድንጋይ የሚያጓጉዘው ሰው ከወዲያ ማዶ «ሐጂ፣ አህያው ተጭኗል!» አላቸው። እሳቸውም ወደ እሱ ዞረው «ልቀቀው!» አሉ።

ሱሩር ቃሏን ሰማ። ገመዱን ለቀቀ።

ኑርዬ የድንጋዩን ድምፅ ሰምቶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። አላህ ነፍሱን አተረፈለት፤ ቅልጥሙ ግን ተሰበረ። ከጉድጓዱ ሲያወጡት ሕዝቡ በሱሩር ላይ ተነሳ። «እብድ! ሰው ከታች እያለ ገመድ ይለቀቃል?» አሉት።

«ወላሂ፣ ልቀቀው ሲባል ሰምቻለሁ!» አለ ሱሩር።

«ማን አለህ? ተኝተህ ነበር?»

አህያውን የሚነዳው ሰው ርቆ ሄዷል። ፈትሁዲን የሚያስበው ስለ ራሱ ጥያቄ ስለነበር ምን እንደተባለ ልብ አላለም። ሐጂ ዝም ቢሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ያካበቱት ስምም በዚያች ዝምታ ይጠበቅላቸው ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው ሰዉን ጸጥ አሰኙ።

«ተዉት። ቃሉ የእኔ ነው» አሉ። «እኔ ስለ አህያው ተናገርኩ፤ እሱ ስለ ገመዱ ሰማ።»

ፈትሁዲን ሊከላከልላቸው ፈለገ። «ሐጂ፣ ታዲያ ለአህያው መሆኑን ማስተዋል አልነበረበትም?»

«እሱ የሚያየው ጀርባዬን ነበር» አሉት።

ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንደተሰገደ ሐጂ ወደ ኑርዬ ቤት ሄዱ። ወጌሻው እግሩን አስሮ ጨርሶ ነበር። ሐጂ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡና «አውፍ በለኝ፣ ኑርዬ» አሉ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ሐጂ። የአላህ ቀደር ነው።»

«ቀደሩን አምናለሁ። ጥፋቴ ግን ጥፋቴ ነው። ይልቅ እስቲ ንገረኝ፣ ከታች ሆነህ የእኛ ወሬ እንዴት ይሰማሃል?»

ኑርዬ እንዲህ አለ፦ «ከላይ አምስት ሰው ሲያወራ ከታች የሚደርሰኝ አንድ ጩኸት ነው። ለእኔ የተባለውን ከሌላው አልለየውም። እየደነገጥኩ ሥራዬን አቆማለሁ፤ ምንም እንዳልሆነ ሲገባኝ እንደገና እጀምራለሁ። ቀኑ የሚያልቀው እንዲሁ ነው።»

ሐጂ በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ሠራተኞቹን ሰበሰቡ፤ በኑርዬ ቦታም ሌላ ቆፋሪ ተኩ። ሰው ከታች እያለ ከጉድጓዱ አፍ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ትእዛዝ የሚሰጠውም አስቀድሞ ስም ጠርቶ ነው። የታዘዘውም የሰማውን መልሶ ይናገራል፤ «አዎ» ሳይባል እጁን አያንቀሳቅስም። ከባዱን ቁፋሮ አእምሮም ጉልበትም ትኩስ በሆነበት በማለዳው አደረጉት። ገመድ ሳቢነቱን ሌላ ሰው ይረከባል ተብሎ ሲጠበቅ «ሱሩር፣ ቦታህን ያዝ» አሉት።

ፈትሁዲን ሲመጣ ወደ ጎን ወስደው ለብቻው አነጋገሩት።

«ልጄ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ና። የተሠራውን፣ የቀረውን፣ ያስቸገረንንም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ለሥራው ተወን።»

«በራሴ ጉድጓድ ላይ ቀጠሮ ልያዝ?» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ሌላ ቆፋሪ የጠፋ መሰለዎት?»

«ሌላ ማምጣት ትችላለህ። እኔ ካለሁ ግን ሰው ከታች እያለ ከአንተ ጋር አላወራም።»

ፈትሁዲን ተቆጥቶ ሄደ፤ ከአስር በኋላ ግን መጣ። ሐጂ እንዳሉት ሁሉንም ነገሩት፤ አለት እንደገጠማቸውና ረመዳን ሳይገባ ላይደርስ እንደሚችልም አልሸሸጉትም። እውነቱን ስላወቀ ቀኑን ሙሉ የሚያመላልሰው ጭንቀት ቀለለው። ከዚያ በኋላ ቁፋሮው ጸጥ ያለ ሆነ፤ ሲመሽ ከጉድጓዱ ዳር የሚከመረው ድንጋይም ከበፊቱ በለጠ።

ውሃው የወጣው ረመዳን ገብቶ ነው። ሕዝቡ «አልሐምዱሊላህ» እያለ በመዳፉ ሲቀምስ፣ ፈትሁዲን ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ «ትእዛዝ ሁለቴ ሲነገር ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ምን ምስጢር አለው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ቃል አማና ናት፣ አደራ ናት» አሉት። «ተቀባዩ እጅ እስክትገባ ድረስ ከላኪው ጫንቃ አትወርድም።»

እኛ በመሥሪያ ቤታችን ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንለው «ነግሬው ነበር» ነው። ያልነው ነገር ከአፋችን ስለወጣ ብቻ የደረሰ ይመስለናል። ጀርባችንን ሰጥተን እንናገራለን፤ በሥራ ላይ ያለውን ሰው በየሰዓቱ እየጠራን «ለምን ዘገየህ?» እንለዋለን። ሐጂ ጠልሃ ያደረጉት ማንም ሊያደርገው የሚችለውን ነው፦ የሰማውን ሰው ምን እንደሰማ ጠየቁት። አማናን መወጣት ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል። የሚከብደው መልሱን ሰምቶ «ቃሉ የእኔ ነው» ማለቱ ላይ ነው። እሳቸው ይህን በሰው ሁሉ ፊት ባይሉ ኖሮ፣ ሱሩር ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ከዚያች ከተማ በወጣ ነበር።