ሚዳቋ በማያዝዘው ንጉሥ ደጅ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ንጉሥ አለ። ሸንጎ አለ። ሕግ አለ። ታዲያ እናት ልጇን ይዛ የምትጮኸው ለማን ነው?

አታውቁም? እኔም አላውቅም። እንግዲህ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ አራዊት ተሰብስበው በሚመክሩበት ዘመን፣ አንድ አንበሳ ነበረ። ንጉሥ ነው፣ ደግ ነው፣ ግን አያዝዝም። አንድ ቀበሮ ነበረ። ብልጥ ነው፣ አፉ ማር ነው፣ የሚያዝዘው እሱ ነው። አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ፈሪ ናት፣ የዋህ ናት፣ ገና የሚጠባ ግልገል አላት።

ንጉሥ ሆኖ እንዴት አያዝዝም? ትሉኝ ይሆናል። የዚህ አንበሳ አያት ያዝዝ ነበር። "ፍየል አምጡ" ሲል ፍየል ይመጣለታል። "ድኩላ አምጡ" ሲል ድኩላ ይመጣለታል። አራዊቱ ኑሮው መሯቸው ተሰበሰቡና፣ "ጃንሆይ፣ ዘውዱ የእርስዎ ይሁን፤ ትእዛዙ የኛ" አሉት። ጥርሱ አልቆ ነበርና እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጫካ እንደራሴ ይመርጣል። እንደራሴዎቹ ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። ብዙ እጅ ያለው ወገን አለቃ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። አዋጅ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ በሦስተኛው እጅ ይወጣል። ከዚያ ለአንበሳው ይመጣለታል፣ መዳፉን ቀለም ነክሮ ያትምበታል። መጠየቅ ይችላል። መምከር ይችላል። ማስጠንቀቅ ይችላል። እምቢ ማለት ግን አይችልም።

አንድ ዓመት ምርጫ ሆነና የቀበሮ ወገን እጅ አነሰው። ቀበሮ ተነሥቶ ወደ ጅቦች ሄደ።

"አያ ጅቦ፣ እጃችሁን ጨምሩልኝ።"

"ምን ልትሰጠን?"

"ምን ትፈልጋላችሁ?"

"አራዊት የሚጠጡበትን የውሃ ምንጭ።"

"ምንጩን መስጠትማ አልችልም፤ አገር ይጮሃል" አለ ቀበሮ። "እንድትጠብቁት ማድረግ ግን እችላለሁ።"

ጅቦቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። የጅብ ሳቅ ታውቃላችሁ አይደል?

ቀበሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ወዲያው አዋጅ አመጣ። ስሙ "የምንጭ ጥበቃ አዋጅ" ነው። ስሙ ሲነበብ ሁሉም አጨበጨበ። ጠባቂው ጅብ መሆኑ ታች ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ሲደርስ ግማሹ አንቀላፍቷል።

ወሬው ሚዳቋ ዘንድ ደረሰ። ቤቷ ምንጩ አጠገብ ነው፣ ሌላ ውሃ የላትም። ካልጠጣች ወተቷ ይደርቃል። ጅብ ባለበት ከወረደች ግልገሏ ይበላል።

ጎረቤቷ ጃርት፣ "እሜቴ፣ ወደ ዋርካው ሂጂ። ለእንደራሴያችን ለጥንቸል ንገሪያት" አለቻት።

"ወጊጂ! ንጉሥ እያለ ለጥንቸል ላልቅስ?" አለች ሚዳቋ።

እንደ አያቶቿ ደንብ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸከመች፣ ግልገሏን አስከተለች፣ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆመች። "አቤት ጃንሆይ! አቤት! አቤት!"

ዘበኛው ከርከሮ ብቅ አለ። "ቀስ በይ እንጂ! ጃንሆይ የሸንጎ መክፈቻ ንግግር እየተለማመዱ ነው።"

"ማን ጻፈላቸው?"

"ቀበሮ ነዋ! ማን ሊጽፍላቸው ኖሯል?"

ጠዋት ጮኸች። ቀትር ላይ ጮኸች። ሲመሽ ጮኸች። ደጅ ስትጠና ብዙ ቀን አለፈ። በመጨረሻ አንበሳው ራሱ ወጣ።

"ድንጋዩን አውርጂ፣ ልጄ" አላት። ሰማት። ሰምቶ እንባ አቀረረ። "ቀበሮን ጠይቄዋለሁ። መክሬዋለሁ። አስጠንቅቄዋለሁ። 'እሺ ጃንሆይ' ይለኛል፣ ይሄዳል።"

"እንግዲያው አያትሙበት!"

"ዛሬ ላንቺ ብዬ እምቢ ብል፣ ነገ ዘውዱን የሚወርሰው ልጄ ለሆዱ ብሎ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ማን ያስጥልሻል?"

ሚዳቋ ግልገሏን ወደ ራሷ ሳበች።

"አዋጁ ለሦስተኛ ጊዜ የሚነበበው ዛሬ ነው። መጮህ የነበረብሽ ዋርካው ሥር ነበር፣ ልጄ። ሩጪ!"

ሮጠች። ግልገሏ ከኋላ እየወደቀ እየተነሣ ተከተላት። ዋርካው ሥር ስትደርስ የወጡት እጆች እየወረዱ ነበር።

"ጥንቸል! አንቺም እጅሽን አወጣሽ?"

"ሁሉም አወጣ እኮ። ጥበቃ ነው አሉን። ደግሞስ መጥተሽ ነግረሽኛል?"

ሚዳቋ ወደ ቀበሮ ዞረች። "አያ ቀበሮ፣ ልጄን አስበላኸው።"

"እኔ? አዋጁ የሚወጣው በጃንሆይ ስም ነው። ማኅተማቸውን አይተሽ ለእሳቸው አቤት በይ።"

"ከእሳቸው ነው የመጣሁት!"

"እንግዲያው ሸንጎው ነው" አለና ጭራውን ሰብስቦ ሄደ።

ሚዳቋ የቀሩትን አየቻቸው። "ድሮ በጥርስ እንበላ ነበር። ዛሬ በእጅ ብልጫ" አለች። እነሱ ተነሥተው ሄዱ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

አንበሳው አተመ። መዳፉን ከቀለሙ ቶሎ አላወጣም ይላሉ። ቢዘገይም ማኅተም ማኅተም ነው። ጅቦቹ መጥተው ምንጩን ከበቡ።

ሚዳቋ አንድ ቀን ጤዛ ላሰች። አንድ ቀን ቅጠል አኘከች። አንድ ቀን ወተቷ ቆመ። ደክሟት ጋደም ባለችበት ግልገሉ ውሃውን አሽትቶ ወረደ።

"ና ጠጣ፣ ማሙሽ" አሉት ጅቦቹ። "እኛ እኮ ጠባቂዎች ነን።"

አልተመለሰም።

ቀበሮስ ተቀጣ? ተቀጣ ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ ልጆች። አልተቀጣም። የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ ከጫካ ጫካ እየዞረ፣ "ምንጫችሁን ያስጠበቅሁላችሁ እኔ ነኝ!" አለ። ከምንጩ ርቀው የሚኖሩት አጨበጨቡለት። አንበሳው እንደ ደንቡ አስጠራውና፣ "መንግሥት መሥርት" አለው። ዓይኑን ግን ቀና አድርጎ አላየውም።

እንግዲህ ተረቱ የሚያስተምረን ይህን ነው፤ ደጅ ከመጥናታችሁ በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ደግሞ በስማችሁ እጅ የሚያወጣውን ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚወስደውንም መንገድ እወቁ።

ይህ ለናንተ ይበቃ ይሆናል። ለሚዳቋ ግን አይበቃትም፤ እንደገና አርግዛለች። ጃርት፣ "ቆዪ፣ እስከሚቀጥለው ምርጫ ቤት ለቤት እየዞርን እንንገር፤ ጥንቸልንም እናውርዳት" ትላታለች። ቁራ ደግሞ፣ "ከተራራው ማዶ ንጉሥም ሸንጎም የሌለበት ጫካ አለ፣ ሂጂ" ይላታል። እዚያ ማን ማንን እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። ሆዷ እየገፋ ነው፣ ምርጫው ሩቅ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የወለዳችሁ፣ እባካችሁ ምከሩን፤ ትቆይ ወይስ ትሂድ?