ለብቻ የቀረበች ሳህን

በአንድ ወቅት፣ ጠበቃ ሁሉ በቀጠሮ በሚኖርባት ከተማ፣ አቶ አንዳርጌ የሚባል የጥብቅና ቢሮ ባለቤት ነበረ። «አቶ» የምለው ለወጉ ነው፤ አክብሬው አይደለም። ክስ ከማሸነፍ ይልቅ ማስረዘም ይወድ ነበር። ከሥሩ አራት ጠበቆች ነበሩ፦ ትርንጎ፣ ወንድይፍራው፣ ብዙአየሁና ጉተማ። ምሳቸውን ሁሌም ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ትርንጎ አንድ «ጥፋት» አጠፋች። በአባታቸው ቤት ውርስ ለዓመታት ሲካሰሱ የኖሩ ወንድማማቾችን ሽማግሌ ፊት አስቀምጣ በአንድ ቀን አስታረቀቻቸው። አንዳርጌ ይህን ሲሰማ የምትታለብ ላም የሞተችበት ሰው መሰለ። ግን «ለምን አስታረቅሽ» ተብሎ ሰው አይባረር ነገር፣ ያሳፍራል። ስለዚህ ራሷ ተማርራ እንድትሄድ ሊያደርጋት ቆረጠ።

መዝገቦቿን አንድ በአንድ ወሰደባት። ጠረጴዛዋን ሽንት ቤቱ በር አጠገብ አስጠጋው። ሁሉንም የሚያደርገው በፈገግታ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ ለእሷ ብቻ ሳህን አስመጣ።

«ጨጓራሽን ያምሽ የለ፣ ትርንጎዬ? ለብቻሽ ብዪ» አላት።

ጨጓራዋን አሟት አያውቅም። ከማዕድ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ግን አገሬው ሁሉ ያውቃል። ሳህኑን ይዛ ሄዳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠችና ማለች፦ «አባርሬሻለሁ የሚለውን ቃል ከራሱ አፍ ሳልሰማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ወንድይፍራው ከትሪው ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን የሚበላው ከእሷ ሳህን ነው። አንዳርጌ ቢገላምጠውም ግድ አልሰጠውም። «እሱ ባይኖር አብድ ነበር» ትላለች ትርንጎ። ታዲያ ከእሷ የተነጠቁትን መዝገቦች የተረከበው ማን ነበር? ያው ወንድይፍራው። «እኔ ባልወስድ ሌላ ይወስዳቸው ነበር» ይላታል፣ እያጎረሳት።

ብዙአየሁ ከትሪው አልተነሣችም። አለቃዋ ሲስቅ ትስቃለች። ለትርንጎ «የሽንት ቤቱ ዘበኛ» ብላ ስም ያወጣችላትም እሷ ናት፤ ምላሷ ይቆረጥ ያሰኛል። አንድ ጠዋት ግን ደረጃው ላይ እጇን ያዘቻት።

«አንዳርጌ ቀጠሮሽ ከሰዓት ነው ያለሽ ውሸቱን ነው። አሁን ነው። ሩጪ።»

ትርንጎ ሮጣ፣ በቀራት አንድ መዝገብ ችሎቱ ስሟን ሲጠራ «አቤት» ለማለት በቃች። ብትቀር መዝገቡ ተዘግቶ፣ ደንበኛው ከሷት፣ የጥብቅና ፈቃዷን ታጣ ነበር። ከአለቃው ጋር የማይስቅ ሰው ይህን ምስጢር ከየት ይሰማል?

ጉተማ ወንድይፍራውንም ብዙአየሁንም ናቃቸው። ጥርሱን ነክሶ ሰንብቶ፣ ቢሮው በደንበኛ በተሞላ ቀን የትርንጎን ሳህን አንሥቶ አንዳርጌ ፊት አስቀመጠው። አንቱታውንም ተወው።

«ሰው በቁሙ ከበላህ አይቀር ሳህን ይኑርህ» አለና የተደረገባትን ሁሉ ዘረገፈው። ከዚያ ካባውን አንጠልጥሎ ወጣ። የሰሙት ደንበኞች ኋላ ትርንጎ የራሷን ቢሮ ስትከፍት ተከትለዋት መጡ። ነገር ግን ጉተማ ይህን ሲያደርግ እሷን አልጠየቃትም። አንዳርጌ ሲፈልገው የነበረውን ሰበብ አገኘ።

«ሠራተኛ አሳድመሻል፤ አባርሬሻለሁ» አላት። የማለችበትን ቃል ሰማች፣ ግን እንደ ጥፋተኛ።

ዛሬ ትርንጎ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ክፍሏ ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አትይዝም። ብቻዋን እንዳትሠራ፣ ሁለት ችሎት በአንድ ሰዓት ይጠራታል፤ በሌለችበት «አቤት» የሚልላት የምታምነው ሰው ካላገኘች በአንድ ወር ትዘጋለች። አንዳርጌም ገበያው ሲቀዘቅዝ ለወንድይፍራውና ለብዙአየሁ ሳህን አስመጣላቸው። ጉተማ ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ሦስቱም ያችን አንድ ቦታ ፈልገው በሯ ላይ ቆመዋል።

«ብቻሽን ያልበላሽው በእኔ ነው» አለ ወንድይፍራው።

«ፈቃድሽ ግድግዳሽ ላይ የተሰቀለው በእኔ ነው» አለች ብዙአየሁ።

«ደንበኞችሽ የመጡት በእኔ ነው» አለ ጉተማ።

እኔ ብሆን በሩን ሦስቱም ላይ እጠረቅመው ነበር። እኔ ግን ቂመኛ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ሰው ያስፈልጋታል። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ትሪው ቀርቧል፤ የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። እናንተ ብትሆኑ ከማን ጋር ትቆርሳላችሁ?