ከሾላው ሥር ያለች ቀይ ነጥብ

አንድ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺ ነበር። ተራራውን፣ ሐይቁንና ዛፉን እያነሳ በስስ ብረት ላይ አትሞ ለግድግዳ ጌጥ ይሸጣል። ብረቱ አይዝግም፤ ፀሐይም አያደበዝዘውም። ገዢዎቹ ታዲያ ሰው ያለበትን አይፈልጉም ነበር።

ትምህርት በሌላት ቀን ትንሿን ልጁን ናርዶስን ይዟት ይወጣል። «አባዬ፣ እኔንም አንሳኝ» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አንቺን ቤት አነሳሻለሁ። አሁን ከኋላዬ ቁሚ።»

ቤት ሲገቡ ካሜራው ከቦርሳው አይወጣም።

አንድ ቀን ትልቅ ሾላ ሲያነሳ ልጅቷ ሮጣ ከግንዱ ጀርባ ተደበቀች። አላያትም። ፎቶው ታትሞ አንድ ነጋዴ ገዛው፤ ሳይቆይ ግን መልሶ አመጣው። ከግንዱ አጠገብ ቀይ ነጥብ አለች፣ ሳሎን በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እሷ ላይ ያርፋል አለ። ፎቶ አንሺው ቀረብ ብሎ ሲያይ የልጁ የሹራብ እጅጌ ነው። ሳቀና ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋት። ንጹሑን አትሞ ለነጋዴው ሰጠው፤ በተመለሰው ብረት የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ደፈነበት።

ክረምት ሲገባ ናርዶስ ሳንባዋን ታመመች። አልተረፈችም።

ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ዳኛ መጥተው፣ «ልጄ፣ የምንሰቅለው ፎቶዋን ስጠን» አሉት።

ገብቶ ያለውን ሁሉ አገላበጠ። ሐይቅ፣ ገደል፣ ጭጋግ። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፤ እሷ ግን አንዱም ላይ የለችም። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ዞሮ የዶሮ ቤቱን ብረት ነቀለ፤ ኩሱን አጥቦ ይዞት መጣ። ለቀስተኛው በልጅቷ ፎቶ ፈንታ የዛፍ ፎቶ ሲሰቀል ባየ ጊዜ፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው ብሎ አንገቱን ደፋ።

ነጋዴውም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ይሄ የመለስኩልህ አይደል እንዴ? ነጥቧ እንኳ አልጠፋችም» አለው።

«ነጥቧ ልጄ ናት» አለ አባትየው።

ነጋዴው ቀና ብሎ አየና ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ።

ሾላው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ሐይቁም አልሄደም። እነሱ ይጠብቁን ነበር፤ ልጅ ግን አይጠብቅም። ሥራችን እንዲያምርልን ዞር በሉ የምንላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን የምንሠራላቸው ሰዎች ናቸው።

አንተስ፣ ዛሬ ከኋላህ ያቆምከው ማንን ነው?